የእኛዋ ውድነሽ

ቴፒ፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የጌጫ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበቷን ያማታል ብሎ ሾፌሩ ተካ ነግሮኛል፤ አሁንስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት፤ ሳሏ አልፎ አልፎ ይነሳባታል እንጂ። ባለቤትሽ ማረፉንም ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር። ከዚህ በላይ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ሰውየውን አላውቀውም። የሌላ ሰው ልጅ ቤቴ አትገባም ያለው እሱ ነው ይባላል። ይባላል ነው የምልሽ።

ደብዳቤውን መጀመሪያ «እርስዎ» ብዬ ጀምሬው ነበር። አክስቴ በትከሻዬ በኩል አየችና «እንግዳ ናት እንዴ?» አለችኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ስልክ ቁጥርሽን ተካ ሰጥቶኛል። ያልደወልኩት አኩርፌ አይደለም። በስልክ ዝም ካልኩ «ሄሎ፣ ሄሎ» ትያለሽ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ነው ብለሽ ትዘጊዋለሽ። በወረቀት ላይ ዝም ማለት ይቻላል።

የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ተካ ቆጮውን ከመኪናው ላይ እያራገፈ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር ነው የነገረኝ። «እናትሽ ለገና ልምጣ ወይ ብላለች። በሩን ትከፍትልኝ እንደሆነ ጠይቃት ብላኛለች።» እሺም እምቢም አላልኩትም። ደግሞ ሲመጣ ሁለተኛ ጠየቀኝ፤ «ሴትዮዋ እኔን ነው የምትጨቀጭቀው፣ አንድ ነገር በዪኝ እንጂ» አለኝ። ይኸው ልመልስልሽ ተቀምጫለሁ። መልሱ ግን በቀጥታ አልመጣ አለኝ። የሚመጣልኝ አንድ የኮሪያ ፊልም ነው። ታገሺኝ።

ሥራዬን ታውቂው እንደሆነ አላውቅም። ማለቴ፣ ታውቂዋለሽ መሰለኝ። ወደዚያ እመጣለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ለቃሚ ነኝ። ረጅም የማድረቂያ አልጋ አለ፤ ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት የተሠራ፣ ቁመቱ ወገብ የሚደርስ። የታጠበው ቡና እላዩ ላይ ይሰጣል። እኛ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመን የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የጠቆረውን እየለቀምን እንጥላለን። እጅ ይሠራል፤ ጆሮ ግን ሥራ ፈት ነው። ቀኑ የሚረዝመው በጆሮ በኩል ነው።

ታሪኩን መንገር የጀመርኩት ለዚህ ነው። በስልክ የሚነበብ የኮሪያ የሥዕል ታሪክ ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይወጣል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ ቤት በተቀመጥኩ ጊዜ ነው የያዝኩት። በእንግሊዝኛው እየተደናቀፍኩ አነባለሁ፤ በማግስቱ ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ። ጌጫ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ አይሆንም። ኮሪያ ግን ከጌጫ ቀድማ ቤታችን ገባች።

ደሴት ላይ ያለች ልጅ ናት። እናቷ አንድ ጠዋት ጀልባ ተሳፍራ ትሄዳለች፤ አክስቷ ታሳድጋታለች። አክስትየዋ የባሕር ሳር ታደርቃለች። ይህን ስነግራቸው በየነች፣ ማንም ሳይሾማት የአልጋችን አለቃ የሆነችው፣ «በምን ላይ ነው የሚያደርቁት?» አለች። «በአልጋ ላይ፣ እንደ እኛ» አልኳት። «ይለቅሙታል?» «ይለቅሙታል።» «በይ እንግዲያው ሰው ናቸው፤ ቀጥዪ» አለች።

የልጅቷ ስም ሃዩን ነበር። ሳራ፣ ከሁላችን የምታንሰው፣ አፏ የማያርፈው፣ «ስም ነው ወይስ አስነጠሰሽ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። በየነች «ውድነሽ በያት» ብላ ፈረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውድነሽ ሆነች። ስትታመም «ውድነሽን ምን ነካት?» እያሉ በጠዋት ይጠይቁኛል። ኔትወርክ የጠፋ ሳምንት ጎረቤት የታመመባቸው ይመስል ፊታቸው ይጠቁራል።

መጨረሻው እንዲህ ነው። እናትየዋ ከዓመታት በኋላ ትመጣለች። ዝናብ ነው። በሩን ታንኳኳለች። ውድነሽ ከበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። አትከፍትም። ሲነጋ ደጃፉ ላይ የእርጥብ ጫማ ዱካ ብቻ አለ። ትጠርገዋለች። ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አለቀ።

ይህን መጨረሻ እንዴት እንደምወደው ልነግርሽ አልችልም። ፊትሽን አላስታውስም፤ ፎቶም የለሽም። ከአንቺ የቀረኝ የቀሚስ ጫፍ ነው፤ አረንጓዴ ይመስለኛል። አክስቴ ደግሞ አረንጓዴ ቀሚስ አልነበራትም ትላለች። እና አንድ ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ እኔን ሳያውቀኝ፣ በሩን ዘጋልኝ።

ተከታታይ ፊልም ሊሆን ነው የተባለው የሥዕሉ ታሪክ ገና ሳያልቅ ነበር። ዛሬ ነገ ተባለ። ተዋናይዋ ተለወጠች ተባለ። ቆመ ተባለ። አስፋልት ይገባላችኋል እንደተባለ ሰፈር ጠበቅነው። ዘንድሮ፣ ለቀማው ሲጀመር፣ መናኸሪያው አጠገብ ፊልም በፍላሽ የሚጭነው ኸይሩ ከሱቁ ወጥቶ በመንገዱ ማዶ ጮኸ፤ «አንቺ! ውድነሽሽ መጣችልሽ! በአማርኛ!»

መንገዱን በሩጫ ተሻገርኩ። ለፊልም።

በአማርኛ ማለት አንድ ወንድ ነው ሁሉንም የሚናገረው። ውድነሽንም፣ አክስቷንም፣ ጀልባ ነጂውንም። እናትየዋ ስታለቅስ በጎርናና ድምፁ «ወይኔ ልጄን» ይላል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየነች ቤት ተሰብስበን አየነው። «ይቺ ናት ውድነሽ?» አለች በየነች። «እጇን እዩት እስቲ! ይሄ እጅ ጨው ነክቶት ያውቃል?» ሳራ ቀጠለች፤ «ፀጉሯስ? በዚያ ሁሉ ንፋስ! ማን እየተኮሰላት ነው?» እኔም ሳቅሁ። ደስ አለኝ፤ እውነተኛዋ ውድነሽ የእኛዋ ሆነች። ከዚያ ባሕሩ መጣ፣ አልጋዎቹ መጡ፣ በነፋስ የሚንቀሳቀስ የባሕር ሳር መጣ፤ በጭንቅላቴ ስለው ከኖርኩት ይበልጥ ያምር ነበር። ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ አላውቅም። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የፊልሙን ዘፈን ይዘፍኑት ጀመር። የራሴን ልብስ ሰው ለብሶት ያየሁ መሰለኝ።

ታሪኩን በኢንተርኔት ያነበበው ሰውም ተናዶ ነበር፤ ግን በሌላ ነገር። ታሪኩን ለወጡት። ሥዕሉ ላይ እናትየዋ ከጀልባው በኋላ እስከ መጨረሻው ፊቷ የለም። ፊልሙ ግን ተከትሏት ሄደ። ባሕር ማዶ ዓሣ ስታጸዳ፣ ሰው ሲቆጣት አሳየን። በመሐል አንድ የሥራ ወቅት ከቀን ሠራተኞች ጋር ጀልባ ተሳፍራ ትመጣለች። ሻርፗን ዝቅ አድርጋ ታስራለች። ከልጅዋ ፊት ለፊት ቆማ የባሕር ሳር ትለቅማለች። ልጅቷ አታውቃትም።

እኔ ብድግ አልኩ። «ይሄ የለም! ታሪኩ ውስጥ የለም! ፈጥረው ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ቁጭ በይ እስቲ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የጻፍሽው?» አለችኝ ሳራ።

በየነች ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «አምና እኛ ጋ እንደመጣችው ሴትዮ» አለች።

«የትኛዋ?» አልኳት።

«ከጌጫ ነኝ ያለችው። ሻርፗን እስከ ቅንድቧ የምታስረው። ከአንቺ ፊት ለፊት የምትቆመው።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አላስታውስም። ወንዱ ሲናገር ይሰማኛል፤ ቃሉ አይገባኝም።

አምና ለቀማው መሐል ላይ ነበር የመጣችው። ሌላ ባዶ ቦታ እያለ ከፊት ለፊቴ ቆመች። በመሐላችን ያለው ቡና ብቻ ነው፤ እጅ ብዘረጋ እጇን እነካለሁ። ሥራውን አታውቀውም ነበር። በየነች «እህቴ፣ ደህናውን ጣልሽው እኮ! የተሰበረው እዚያው ቀርቷል!» እያለች ትቆጣት ነበር። ሴትዮዋ ይቅርታ ትልና ታቀረቅራለች። አታወራም። ታሪኩን ስነግር ግን እጇ ይቆማል።

ያን ሰሞን አክስቴ ምሳዬን ታበዛው ነበር። ጎደሬ ቀቅላ ትቋጥርልኝና «ፊት ለፊትሽ ለምትቆመው አካፍዪ፤ ብቻ አይበላም» ትለኝ ነበር። አካፍላት ነበር። ግማሹን ትበላለች፤ ግማሹን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ልጆች ቤት ትታ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር።

መጨረሻውን የነገርኳቸው ቀን፣ እናትየዋ በሩን ስታንኳኳ፣ ለጣዕሙ ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ነው ሴትዮዋ የተናገረችው። «በሩን ትከፍታለች ወይ?» አለችኝ።

«አትከፍትም» አልኳት።

እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት። ሥዕሉ ላይ የሌለውን ጨመርኩ። «ለምን ብላ ትከፍታለች?» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ሳራ «እሰይ የኔ አንበሳ!» አለች።

ሴትዮዋ አቀርቅራ እስከ ማታ ለቀመች። በማግስቱ አልመጣችም። ቦታዋ ላይ ያለውን ቡና በየነች አየችና «አሁን ለመደችው ስል ሄደች» አለች። አንድም የተሰበረ ፍሬ አልነበረበትም።

በየነች ቤት ፊልሙ ሳያልቅ ወጣሁ። አክስቴ ከገመድ ላይ ልብስ እያወረደች ነበር። «አምና ምሳዬን ለምን ነበር የምታበዢው?» አልኳት። ጀርባዋን ሳታዞር «ጎደሬው በዝቶ ነዋ» አለች። አንድ ቀሚስ ሁለት ጊዜ አጠፈች። ከዚያ «እኔ እህቷ ነኝ፤ በእኔ በኩል ድሮ ከፍቼላታለሁ። ያንቺን ግን እኔ አልከፍትልሽም» አለችኝና ልብሱን ይዛ ገባች።

አንቺ ነበርሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺም እንዳትነግሪኝ። ተካ ያመጣው ቃል ብቻ በጆሮዬ ይዞራል። በሩን ትከፍትልኝ እንደሆነ። ተራ የሰው አነጋገር መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል አሁን ወጥቷል። ሴቶቹ ሁሉ አይተውታል። አልጋው ዳር አፋቸውን ውሃ ሞልተው የሚለቅሙ ይመስላሉ። ሳራ «እንንገርሽ?» ትለኛለች። «አፍሽን!» ትላታለች በየነች። ኸይሩ ስልኬ ላይ ጭኖልኛል፤ አላየሁትም። እጄ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ውድነሽ ከከፈተች የተዘጋልኝን ብቸኛ በር ወሰዱብኝ። ካልከፈተች ደግሞ አንቺ አልጋው ዳር ቆመሽ የሰማሽውን ሁለተኛ ትሰሚያለሽ። ጌጫም ፍላሽ የሚጭን አለ አሉ። አይተሽው ከሆነ አደራ፣ አትንገሪኝ። የራሴን መልስ ከእነሱ በፊት መጻፍ እፈልጋለሁ። እነሱን አይቼ ብጽፍልሽ የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

እንግዲህ መልሱ።

ይቅር ብያለሁ አልልሽም። ስለ እሱ አትጠይቂኝ። ምናልባት ፊትሽን አላይም። ምናልባት «ግቢ» ማለት ያቅተኛል፤ አፌ አልለመደውም። ከገና በኋላም ለቀማ አለ። ከፊት ለፊቴ ያለው ቦታ ዘንድሮም ባዶ ነው፤ ሰው ሊቆምበት ሲል በየነች «ባለቤት አለው» ትላለች። ስትቆሚበት ደህናውን አትጣዪ እንጂ።

ቤቱ ያው ነው። በሩም የምታውቂው በር ነው። በእርጥበቱ አብጦ ከታች መሬቱን ይነክሳል፤ እጀታውን ይዘሽ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርገሽ መግፋት ነው። የውስጡ መቀርቀሪያ ከወለቀ ቆይቷል። አክስቴ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳላስጠገነችው አሁን ነው የገባኝ።

አታንኳኪ። ካንኳኳሽ ከበሩ ጀርባ መቀመጥ አውቅበታለሁ፤ ስለማመደው ነው የኖርኩት። ዝም ብለሽ ግፊው።

ተካ ቁልቁለቱ ላይ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ንገሪው። የጌጫን ጭጋግ እግዚአብሔር ከፊትሽ ይግፈፍልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ በደህና ያድርስሽ።

ልጅሽ