ግማሽ ኢንች ቧንቧ እና ሁለት ገና

ለተከበሩ አቶ ዘርይሁን፣
በኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ለምንኖርበት ቤት ባለቤትና ለመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፤
ባሉበት።
ቶሮንቶ፣ ጥር 2001 ዓ.ም.

እጅግ የማከብርዎ ጌታዬ፣ ለበዓሉ አዲስ አበባ በሰላም መግባትዎን ሰምተናልና ፀሐዩ እንዲስማማዎ፣ ጤናዎም እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። እኛ ላይኛው ፎቅ ያለነው ተከራዮችዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሰን ደህና ነን። በማኅበራችን ጋዜጣ የምጽፍልዎ ከገና ዋዜማ ወዲህ ስልክዎ አልነሳ ስላለኝ ብቻ ነው።

1. ከጋዝ ቆጣሪው የሚነሳው ግማሽ ኢንች ቧንቧ ድሮ የቤቱን ማሞቂያ ፈርነስ ብቻ ይመግብ ነበር። እርስዎ ለእኛ ምቾት በማሰብ የውሃ ማሞቂያውን፣ የላይና የታች ምድጃዎችን፣ በኋላም የልብስ ማድረቂያውን እዚያው ላይ ቀጠሉበት። ባለሙያ ቢሆን እያንዳንዱ ዕቃ የሚፈጀውን ጋዝ ደምሮ፣ የቧንቧውንም ርዝመት ለክቶ ነበር ውፍረቱን የሚወስነው። እርስዎ ግን «ጋዝ እኮ አየር ነው፤ ሰፊ መንገድ አይፈልግም» ብለው ከዚህ ሁሉ ድካም ገላገሉን።

2. በገና ዋዜማ እኔ ላይኛው ፎቅ፣ ሌላው ተከራይዎ አቶ ወልደገብርኤል ምድር ቤት፣ የዶሮ ሽንኩርት ጣድን። ጾም የሚፈታ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚያበስል ለቧንቧው የነገረው አልነበረም። ጋዙ ለሁሉም አልዳረስ ብሎ እሳቱ መነመነ፣ ፈርነሱም ጠፋ። አራስ ልጄን ሐሴትን እጇን ስነካው በረዶ ሆኗል። ደነገጥኩ፤ አለቀስኩም።

3. ያን ዕለት ደውዬ ሳገኝዎ የሰጡኝን መፍትሔ ሳላመሰግን አላልፍም። ላይኛው ፎቅ በፈረንጆቹ ገና፣ ምድር ቤቱ በእኛው ገና እንዲያበስል፣ ፋሲካንም እንደዚሁ እንድንከፋፈል መከሩኝ። የሃይማኖት አባቶች ስንት ዘመን የተከራከሩበትን የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ በአንድ ቀጭን ቧንቧ መቋጨትዎ የሚያስደንቅ ነው። በፈረንጆቹ ገና ጾም ላይ መሆናችንን የማኅበራችን ሊቀመንበር ያውቁታል ብዬ ስላሰብኩ አላስታወስኩዎትም።

4. በነጋታው የጠራሁት የጋዝ ባለሙያ ለክቶ፣ ደምሮ፣ ራሱን ነቀነቀና ወፍራም ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ጋዙን ዘግቶ «አደገኛ ነው፣ አይከፈት» የሚል ቀይ ታግ አንጠልጥሎበት ሄደ። እነሆ አሁን ምድጃውና ፈርነሱ በጋዝ መጣላታቸው ቀርቷል።

ስለ ጤናዎ የምጸልይ፣ ስለ ቧንቧዎ የምሰጋ፣ ከአክብሮት ጋር የምንቀጠቀጥ ታዛዥ ተከራይዎ፣
ፋናዬ፣ የሐሴት እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ እዚህ የቀሩት ባለቤትዎ ወይዘሮ መሰረት ሐሴትን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ባዩኝ ጊዜ እጄን ይዘው አጠገባችን ወዳለው ወደ እናንተ ቤት አስገቡን። የእርስዎን ምድጃና ፈርነስ አንድ ላይ ለኩሰን ሞከርን፤ አንዱም አልጠፋም፤ ለራስዎ ያስገቡት ቧንቧ ወፍራም ነው። ልጄ አሁን አልጋዎ ላይ ተኝታለች፣ እጇም ሞቋል። ቧንቧችን እስኪቀየር ድረስ ወይዘሮ መሰረት አትሄዱም ብለውናል፤ እርስዎ ሲመለሱ ማደሪያ እንዳያጡም የላይኛውን ፎቅ ቁልፍ እንድተውልዎ አዘውኛል።