በእኛና በአያ ኪሩ ግቢ መካከል ስለነቀሉት የእሾህ አጥር

ለክቡር አቶ አስናቀው
የሰፈር ማስዋብ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ሁለቱ ዓይኖችዎ፣ ሁለቱ እጆችዎና የመንጋጋዎ አጥንት በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የምመኝልዎት ለወግ ያህል አይደለም፤ በእኛ ግቢና በጎረቤታችን በአያ ኪሩ ግቢ ከሐምሌ ወዲህ እነዚህን ሁሉ አሟልቶ የያዘ አባወራ ስለታጣ ነው።

እኔ የትነበርሽ እባላለሁ። ከቁስቋም በታች ባለው ዳገት ላይ የምኖር የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አራዳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስለሠራሁ ለባለሥልጣን እንዴት እንደሚጻፍ አላጣውም። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት በራችን ላይ የለጠፉት ማስታወቂያም ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ግልጽ ስለነበረ ነው። ማስታወቂያዎ እኔና የአያ ኪሩ ባለቤት ይርገዱ በገዛ እጃችን መልሰን የተከልነው ቁጥቋጦ ለከተማው ገጽታ ስለማይመጥን ከመስቀል በፊት በማሽን እንደሚነሳ ያበሥራል። ስለ ብሥራቱ እናመሰግናለን። ነገር ግን ማሽንዎ ሁለተኛ ከመምጣቱ በፊት፣ ባለፈው አመጣጡ የዋለልንን ውለታ በቅደም ተከተል ላስረዳዎት ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ አፈሩ። ክቡርነትዎ በምን ዓይነት አፈር ላይ እንዳደጉ አላውቅም፤ የእኛ ዋልካ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ የሰው እግር እስከ ጉልበቱ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በላዩ የተቀመጠ ድንጋይም ከዓመት ዓመት ቁልቁል ይንፏቀቃል። በአማቴ ዘመን የሁለቱ ግቢዎች ድንበር የድንጋይ ካብ ነበር። ካቡ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ አያ ኪሩ አባት ግቢ ይገባ ጀመር። እነሱ ገፍታችሁታል አሉ፤ የእኛዎቹ አልነካነውም አሉ። አንድ ነሐሴ ከቅዳሴ መልስ አማቴ የአያ ኪሩን ታላቅ ወንድም ራሱን በዶማ መታው፤ ሰውየው ካቡ ላይ እንደወደቀ ቀረ። ዋልካው ውኃ ጠግቦ ስለነበር ደሙን አልጠጣውም፤ እስከ ማግሥቱ ድረስ ከዝናቡ ኩሬ ጋር ቆሞ እንደነበር ያዩ ነግረውኛል። ዓመት ሳይሞላ የባለቤቴ አጎት ቀሐ ወንዝ ዳር ከብት ሲያጠጣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። አፈሩን ሳያውቁ ድንበር የሚሠሩ ሰዎች የሚያተርፉት ይህንን መሆኑን ለግብረ ኃይልዎ ትምህርት ይሆን ዘንድ ጠቅሻለሁ።

ሁለተኛ፣ እርስዎ ቁጥቋጦ ስላሉት ነገር። ደሙን ያደረቁት ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገኖች አስምለው ሲያበቁ ካቡ እንዲፈርስ ፈረዱ፤ በመካከላችን ሁለተኛ ድንጋይ እንዳይቀመጥ፣ በምትኩ ሥር ያለው ነገር እንዲተከል አዘዙ። ባለሙያ አላስመጡም። ያንኑ ዳገት ዞረው፣ ማንም ሳያጠጣውና ሳይኮተኩተው በዋልካው ላይ ክረምትም በጋም የቆመውን አዩ። ቶሎ በሚደርቀው በላይኛው ጫፍ ክትክታ፣ በመካከል አጋም፣ ውኃ በሚተኛበት በታችኛው ጫፍ ቀጋ እንዲሆን አሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች በየወገናቸው ተከሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥሩም ቅርንጫፉም ስለተጠላለፈ የቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ያ አጥር የዕርቁ ዋስ ተባለ። እኔ በሙሽርነት ስገባ ደርሶ ነበር፤ ከይርገዱ ጋር አጋም የለቀምነውም፣ ባለቤቴና አያ ኪሩ አንድ ማኅበር የጠጡትም በእሱ ዋስትና ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ውበቱ። በግንቦት ማሽንዎ ሲመጣ አያ ኪሩ በምርኩዛቸው ፊቱ ቆመው፣ ተው ልጄ፣ ይኸ እኮ ደም ያሰረ አጥር ነው፣ ነክተህ አታስጨርሰን ብለው ለመኑ። ሠራተኛዎ አባባ ዞር ይበሉ ከማለት በቀር ያጠፋው የለም፤ ትእዛዙ የእርስዎ ነበርና። አጋሙ በቀላሉ አልለቅ ብሎ ሥሩ ሲገነጠል እንደ አጥንት ሲንቋቋ ሰማሁ። በቦታው ከርብስቶን የሚሉት የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ተደረደረ፤ ከአጠገቡም ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ፣ ከውጭ የመጣ ተክል በመስመር ቆመ፤ እርስዎም ፎቶ ተነሱበት። ፎቶው ያማረ እንደነበር እመሰክራለሁ። ሐምሌ ሲገባ ግን የተክሉ ሥር ውኃ ውስጥ ቆሞ በሰበሰ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ፤ ግቢው ሸተተ። ከርብስቶኑ ደግሞ በዋልካ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ።

አያ ኪሩ አንድ ጠዋት ወጥተው ድንጋዩ ወደ ግቢያቸው ገብቶ አገኙት። ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ወንድማቸው የወደቀበትን ቦታ ለመለየት ግን መነጽር አያስፈልጋቸውም። ምነው ተክለ ጊዮርጊስ፣ የአባትህን ሥራ ጀመርኸው አሉ። ባለቤቴ ድንጋዩ በራሱ ነው የሄደው ሲል መለሰላቸው፤ አባቱም ያኔ ያለው ይህንኑ ቃል ነበር። ግብረ ኃይልዎ ጥሎት በሄደው የፌሮ ብረት አያ ኪሩ የባለቤቴን ቀኝ እጅ ሰበሩት፤ ሁለተኛው ምት ዓይኑን አፈሰሰው። እሱም በግራ እጁ መጥረቢያ አንስቶ በመጥረቢያው ጀርባ መንጋጋቸውን አደቀቀው። ይርገዱና እኔ በመካከላቸው ጭቃ ላይ ስንወድቅ መጥረቢያው ጆሮዬ ሥር ጭቃው ውስጥ ተሰካ። የአያ ኪሩን ጥርሶች ከዋልካው ውስጥ እየለቀምሁ በነጠላዬ የቋጠርሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደቋጠርሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጥቶ እስር ላይ ነው። አያ ኪሩ በቱቦ ይመገባሉ። ልጃቸው እስጢፋኖስ ከወገራ መጥቶ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በራቸው ላይ ይውላል። ሰድቦኝ አያውቅም፤ እትዬ እያለ ይጠራኛል። ለእናቱ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አጥሩ ከቆመ ዕርቁም አለ፣ አጥሩ ከሌለ ተክለ ጊዮርጊስ ከእስር በወጣ ቀን እገድለዋለሁ። ስለዚህ እኔና ይርገዱ ከርብስቶኑን በዶማ ፈነቀልነው፤ ማሽንዎ ገደል አፋፍ ከጣለው ክምር ሥሩ ያልሞተውን ቀጋና አጋም እየመረጥን፣ ክትክታውን ከላይ ከዳገቱ እየነቀልን መልሰን ተከልን። ይርገዱ የባሏን መንጋጋ ከሰበረው ሰው ሚስት ጎን ተንበርክካ፣ እጇ በእሾህ እየደማ ጭቃውን በተረከዟ ረገጠች። ቀጋው አቆጥቁጧል። እስጢፋኖስ ጠዋት ጠዋት መጥቶ ያየዋል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋታውን ልተወውና እፈራለሁ ልበልዎት። አንድ ዓይን የቀረው ባል አለኝ፤ እሱም በዚያ ቡቃያ ላይ ነው የተንጠለጠለው። የግድ ማሽኑን የሚልኩት ከሆነ፣ ሹፌሩ የሰው ልጅ ነውና ብቻውን አይላኩት፤ ክቡርነትዎ ከጎኑ ይቀመጡ።

ሽማግሌዎቻችን በመስቀል ማግሥት በአጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። ሁለቱ ወገኖች እስካሁን የተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ዋስ የነቀለ ሰው በዋሱ ቦታ ይቆማል የሚል ነው። የበዳይ ስፍራ ስለተዘጋጀልዎት ከታላቅ አክብሮት ጋር ጠርተንዎታል።

ለመንገዳችን፣ ለግቢያችንና ለፊታችን መልክ ስላደረጉት የማይረሳ አስተዋጽኦ በሁለት ቤተሰቦች ስም እጅ እየነሣሁ፣ ጤናዎን ለእርስዎ፣ እርስዎን ከእኛ እንዲጠብቅልን አምላክን የምለምን

አክባሪዎ
የትነበርሽ

ማስታወሻ፦ በእኛ ወግ በደም የተፈለገ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚቀርብ ያውቃሉ። ድንጋይ ፍለጋ እንዳይደክሙ ከርብስቶንዎን በራችን ላይ ደርድረንልዎታል። አንደኛው ላይ ደም አለበት፤ እሱን አላጠብነውም፤ የእርስዎ ነው።