ታቦት የሌላት ደሴት

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ላሊበላ

ዛሬ በሚካኤል ማኅበራችን ላይ የደረሰብኝን፣ ቁጣዬ ሳይበርድ እጽፈዋለሁ።

በወጣትነቴ በባሕር ኃይል ሳገለግል፣ ከምጽዋ ማዶ ሰው በማይኖርባት ትንሽ ደሴት ላይ፣ ለመርከቦች የሚበራውን የመብራት ማማ ከጓደኛዬ ከወልደ ገብርኤል ጋር እጠብቅ ነበር። በትኩሳት ሲሞት እዚያው ቀበርሁት፤ የፈታው ካህን የለም። ስለዚህ ዛሬ ቄሳችንን «ፍትሐት ያድርሱልኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

«የደሴቲቱ ታቦት ማን ነው?» አሉኝ።

«ታቦት የለባትም፤ ማማውና የባሕር ወፍ ብቻ ነው።»

«ደሴት ሆና ገዳም የሌላት!» አለ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን። «ታዲያ አያ ተሰማ፣ መብራቱን ለማን ታበሩ ኖሯል? ለዓሣው?»

ማኅበርተኛው ሳቀ። ቄሱም ሳቁ፤ ልመናዬን ትተው ጽዋውን ባረኩ። ከጣና ገዳማት በቀር ደሴት መኖሩን የማያውቅ ሁሉ ዳኛ ሆነብኝ! ወልደ ገብርኤል ግን ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ «መብራቱን እየው» ይለኝ ነበር፤ ስማቸውን ለማናውቃቸው መርከበኞች።

ጽዋውን ሳልቀምስ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ለፍትሐቱ የገዛሁትን ጧፍ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮቴ ላይ አበራሁት። ለማን ነው ብሎ የሚያንኳኳ ቢመጣ፣ በሬን አልከፍትለትም።