የሰርቨሩ ጓጉንቸር

ኤፍራታ፣

ኢተያ ከተማ፣ እህቴ ጋ ሄጃለሁ፤ ማክሰኞ እመለሳለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።

የመሥሪያ ቤታችንን ዌብሳይት አስተካክዬዋለሁ። የስንዴ ዋጋ የምንለጥፍበት ገጽ ላይ የቁማር ማስታወቂያ የሰቀለው ሰው የገባው ዌብሳይቱ ላይ በተጨመረው፣ ፋይል በሚቀበለው አሮጌ ሞጁል በኩል ነበር። የማንጠቀምበት ስለሆነ ዘጋሁት፣ ሌሎቹን አፕዴት አደረግሁ፣ የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ለዚህችው ሥራ በደብዳቤ ፈቃድ ብጠይቅ፣ ኮሚቴያችሁ ሦስት ሳምንት ተሰብስቦ ለሰርቨሩ ክፍል ጓጉንቸር ገዛ። ጥበቃው ጋሽ መርሻ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። አንቺም ጸሐፊያቸው ሆነሽ ቃለ ጉባኤው ላይ «ሌባው የገባው በበሩ ነው» ብለሽ ጻፍሽ። እንዳልሆነ እኮ እዚሁ ቤት፣ እራት ላይ ነግሬሻለሁ።

ትናንት ስለጮኽኩብሽ...
ተይው። ሽሮው ላይ ቅቤ ጨምሬበታለሁ።

ያለ ፈቃድ መንካቴን ለማንም አትንገሪ። ሰኞ ማስታወቂያው ጠፍቶ ሲያዩ «ጓጉንቸሩ ሠራ» ብለው ለጋሽ መርሻ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍ ይወስናሉ።

አንቺው ጻፊላቸው። ጽሑፍሽ ያምራል።

ቢታንያ