ንፋስ የገባበት ወይን

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ሰመራ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ቡሹ የወይን ጠርሙሱ ውስጥ ይዋኛል። በማንኪያ እጀታ ገፍቼ ነው የከፈትኩት። መክፈቻው አዋሽ ነው፣ ሚስቴ ሰናይት መሳቢያ ውስጥ። እኔ ወደዚህ መ/ቤት ስዛወር እሷ ቤቱን ይዛ ቀረች። ስሸኝ እንኳ ተጣላን፤ ድስቱ በደንብ አልታጠበም ስላልኩ። "ሚስትህ ነኝ ወይስ ፕሮጀክትህ?" አለችኝ። ጥያቄው እስካሁን ያናድደኛል።

ዛሬ ትመጣለች ብዬ ቀደም አድርጌ ከፈትኩት። አንድ ብርጭቆ ለራሴ። ከዚያ ደወለች፦ አልተመቸኝም፣ ምናልባት የሚመጣው ቅዳሜ።

ምናልባት!

እሑድ፣ ግንቦት 10

ማስታወሻዬ፣ የተከፈተ ወይን ጠላቱ አየርና ሙቀት ነው። ሙቀቱን ሰመራ በነፃ ታድላለች። አየሩን እኔ እከለክላለሁ። የዋኘ ቡሽ መልሶ አይከድንም። ሁለት የጁስ ጠርሙስ በፈላ ውኃ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ወይኑን እስከ አንገታቸው ሞላሁ። ክዳን ጥብቅ። ፍሪጅ ውስጥ፣ ቀጥ ብለው። ሳምንት መቆየት አለባቸው። ግዴታ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

መብራት የለም። ፍሪጁ እንደ ቁም ሳጥን ሞቋል። ጠርሙሶቹን ይዤ ጎረቤቴ አሊ ዘንድ፤ ጄኔሬተር አለው። ሳቀብኝ።

"ወላሂ ኢንጂነር፣ ከልጆቼ ወተት ጎን ሐራም አላስቀምጥም። በረዶ ግን ውሰድ።"

ለማን እንደማቆየው ጠየቀ። ነገርኩት።

"ንፋስ የገባው በእናንተ መሃል፣ አንተ የምትከድነው ጠርሙስ! አቦ ደውልላት!"

በረዶውን ተቀበልኩ። ምክሩን አልጠየቅኩትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

በረዶው ቀለጠ፣ ጠርሙሶቹን የነከርኩበት ባልዲ ለብ ያለ ውኃ ሆነ። አልደወለችም። እኔም።

አዋሽ ማታ ማታ ደጃፉ ላይ እንቀመጥ ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን እግሬ ላይ ጥላ። ግማሽ ብርጭቆ ትጠጣና ቀሪውን ወደ እኔ ትገፋዋለች፤ የከንፈሯ ቀለም ጠርዙ ላይ። በዚህም አጉረምርሜያለሁ።

ሁለት ሆነን ወይን ተርፎን አያውቅም። ማቆየት የተማርኩት ብቻዬን ስሆን ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15። ከቀኑ 11 ሰ.

ቀመስኩት። ኮምጣጤ። ለሰላጣ ይሆናል።

ደወልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። ወይኑ ተበላሸ፣ አልኩ። እሷ፦

"እኔ ሳልመጣ ማን ክፈት አለህ?"

ሳቀች! ድምፅዋ ለካ እንዲህ ነበር። ነገስ ትመጫለሽ ወይ አልኩ። አላውቅም አለች። መክፈቻው አለ ወይ አልኩ። አለ፣ ቦታው ላይ ነው አለች።

ከሎጊያ ሌላ ጠርሙስ ገዛሁ። አልተከፈተም። በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ አዋሽ።

ስለ ድስት ምንም አልናገርም።

ማለቴ፣ እሞክራለሁ።