ወፍ የሌለበት ጩኸት

መስከረም 28 ቀን 1981፣ ናዝሬት

ልብስ አጠብኩ። ውሃ ቀዳሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ወንድሜ ወዬሳ ከጓደኛው ከደሊል ጋር ጓዳ ገብቶ ያንኑ ካሴት ሲሰማ ዋለ። ላንጋኖ ሆቴል ጊታር ሊጫወት ሄዶ አንድ ፈረንጅ የሰጠው ነው። ጊታሩ እንደ ንብ መንጋ ይተማል፣ ከበሮው ይጋልባል፣ ዘፋኙ ይጮሃል። እማዬ ከደጅ፣ "ኧረ ዝቅ አድርጉት! ሰው ሞተ ብሎ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል" አለች።

እኔ ግን... ከጩኸቱ ስር ዜማ ይሰማኛል። ሆድ ያባባል። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን?

ጥቅምት 3

ወዬሳ የራሱን ካሴት ሊሠራ ነው። የመጀመሪያውን። ጊታሩ የቀበሌው ኪነት ቡድን ንብረት ነው። "ሊቀመንበሩ ቢሰማስ?" አልኩት። "ልምምድ ነው እለዋለሁ።"

ዘፈኖቹ ረጃጅም ናቸው። አንዱ የላንጋኖ ነፋስ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጀምርና ማዕበል ይሆናል፣ ደግሞ ይረጋል። አንዱ አቧራ። የመጨረሻው ግሪሳ፣ ማሽላ የሚጨርሰው ወፍ። ይሄኛው ግጥም የለውም፤ የሚፈልገው ጩኸት ብቻ ነው። ወዬሳ ሞከረ፣ ሳል ያዘው። ደሊል፣ "ፍየል ሲታረድ መሰልክ እኮ" አለው።

ጥቅምት 9

ወዬሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ኅዳር መጀመሪያ ይሄዳል። እማዬ ራት አልበላችም። እሱ የሚያወራው ስለ ካሴቱ ብቻ ነው። "ሳልጨርሰው አልሄድም።" የሚጠይቀው ያለ ይመስል...

ጥቅምት 14፣ ዓለም ጤና

አክስቴ ውዴ ማሽላ እንድጠብቅላት አስመጣችኝ። ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ በየዓመቱ እዚሁ ማማ ላይ ነኝ። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። አስተማሪያችን፣ "ዲንቄ፣ አፍሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?" ይሉኝ ነበር። እዚህ ግን ማን ያየኛል? እጮሃለሁ። እኔ ስጮህ የሚቀጥለው ማማ ይቀበላል፣ ከዚያ ሌላው... እስከ ታች ድረስ። ግሪሳ ሲመጣ ደንቡ ይሄ ነው፤ የሰማ ይቀበላል።

ደክሞኛል። ክንዴ ወንጭፉን ማንሳት አቅቶታል።

ጥቅምት 19

ወዬሳ ሊጠይቀኝ መጣ። ለካ ማማው ስር ቆሞ ሲሰማኝ ቆይቷል። "ዲንቄ፣ ይሄ ነው! እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው።" ፊቴ ጋለ። "እኔ? ካሴት ላይ? እምቢ!" "በእናትሽ፣ ዲንቄ።" ሊሄድ ነው። ምን ልበለው?

ጥቅምት 23፣ ናዝሬት

ከወዬሳና ከደሊል ጋር ኑሬ ሙዚቃ ቤት ሄድን። የሚቀዳልን እሱ ነው። በሩን ዘጋ፣ ማይክሮፎን ፊቴ ተገተረ። ሦስቱም አፍጥጠው አዩኝ። አፌን ከፈትኩ... ትንፋሽ ብቻ። ኑሬ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ሻይ ጠጪ" አለኝ። ጠጣሁ። ምንም የለም።

ወዬሳ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 27፣ ዓለም ጤና

ወዬሳና ደሊል የኑሬን ቴፕ ይዘው ማማው ስር መጡ። "ዞረን እንቆማለን፣ አናይሽም" አለ ወዬሳ። ወፍ ግን አልመጣም። ጠበቅን፣ ጠበቅን... ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ቴፑ ዛሬውኑ መመለስ አለበት። ዓይኔን ጨፈንኩና ጮህኩ። ያለ ወፍ።

ጎረቤት ተቀበለ። ቀጥሎ ያለውም። አገሩ ሁሉ ግሪሳ መጣ ብሎ ተነሳ፤ ቆርቆሮ የሚመታው፣ ጅራፍ የሚያጮኸው፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው። ቴፑ ሁሉንም ቀዳ።

የጎረቤት ማሳ ባለቤት ኦቦ ገርባ እያለከለኩ ደረሱ።

"የታለ ወፉ?"

"የለም፣ አባባ።"

"የለም? ያለ ወፍ ጮኸሽ አገር ታስነሺ? ወይ ጉድ!"

ደሊል በሳቅ ሆዱን ያዘ። ወዬሳ ቴፑን አቀፈ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ኅዳር 2፣ ናዝሬት

ካሴቱ አለቀ። መጨረሻ ላይ ጊታሩ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ። ኦቦ ገርባም "የታለ ወፉ" ሲሉ ይሰማሉ። ወዬሳ ይሄን ልቁረጠው አላለም። ኑሬ፣ "ማን ይገዛዋል? ሰርግ ላይ አይጨፈርበት!" አለ። ግን አንድ ለወዬሳ፣ አንድ ለኔ ቀዳልን።

ኅዳር 5

ሄደ።

የጭነት መኪናዎቹ ተደርድረው ነበር። እናቶች ሁሉ እያለቀሱ የልጆቻቸውን ስም ይጠራሉ፤ በዚያ ጫጫታ የማንም ስም አይለይም። ወዬሳ መኪናው ላይ ሆኖ ይፈልገናል፣ ግን በሌላው በኩል። እማዬ ጠራችው፣ አልሰማም። መኪናው ተነሳ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት... ጮህኩ። የማማውን ጩኸት።

ዞረ። አየኝ። እጁን አነሳ።

አንዱ ጠባቂ፣ "ይቺ ደሞ ምን ሆነች?" አለ። ወዲያው ከጎኔ ሌላ ጩኸት ወጣ፤ የሻከረ፣ የተሰባበረ። እማዬ ናት። እሷም በልጅነቷ ማሽላ ትጠብቅ ነበር ለካ። አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ተቀበለችኝ። መኪናው ከዓይናችን እስኪጠፋ እየተቀባበልን ጮህን።

ቤት ስንገባ ካሴቱን ክፈቺው አለችኝ። ዝቅ ላደርገው ስል እጄን ያዘችኝ።

ድምፄ ተዘግቷል። የአክስቴ ማሽላ ገና አልታጨደም። ነገ ወደ ማማው...