ሁለተኛው ፕሮሰሰር ምን ይሠራል

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ በዚህ እርጥበት እንዴት አደረገሽ? አሳማዎቹስ? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ፣ «የቲሳ ወንዝ ስንቴ ሞልቶ ጎድሏል፤ ያ ማሽንሽ ‹ውጪ› ካላለኝ ንቅንቅ አልልም» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔም እሺ፣ እሱ ይነግረናል አልኩሽ። አሁን ያ ቃሌ ያንገበግበኛል።

የወንዙን ከፍታ የሚያሰላው ፕሮግራማችን የነገውን ውሃ አስልቶ ሲጨርስ ነገ ራሱ ይደርሳል። ስለዚህ አለቃችን ኤንድሬ ለምኖ ለምኖ ለኮምፒውተሩ ሁለተኛ ፕሮሰሰር አስገዛ። በስክሪኑ ላይ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ሲሠሩ ስናይ፣ ኤንድሬ «ይኸው፣ ሥራውን ተካፈሉት!» ብሎ የፓሊንካ አረቄ ቀዳልን። እኔም ሞኟ ጠጣሁ። ስሌቱ ግን ያለቀው በድሮው ሰዓት ነው። ለካስ ያንኑ አንድ ሥራ እየተቀባበሉ ኖሯል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ቆሞ ያያል። ፕሮግራሙ የላይኛውን ውሃ ሳይጨርስ የታችኛውን አይጀምርም። እንደገና እንጻፈው ብንል ወራት ይፈጃል፤ ወንዙ ደግሞ ወራት አይሰጠንም።

ኤንድሬ ግን፣ «አንዱን ጥያቄ ካላፈጠኑልን፣ ሁለት ጥያቄ አብረን እንጠይቃቸዋ» አለ። ለዚህስ ግሩም ናቸው፤ ሁለት ስሌት ጎን ለጎን ይሄዳል። የመጀመሪያው፣ ወንዙን የሚገታው የአፈር ክትር በሁሉም ቦታ ቢጸና እኛ ያለንበት ከተማ ይተርፋል ወይ የሚል ነው። ኤንድሬ አይተርፍም ብሎ ይፈራል፤ ክትሩን የሆነ ቦታ አፍርሰን ለውሃው መውጫ መስጠት ይኖርብናል አለኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ ለማንም እንዳልናገር ታዝዣለሁ። የቦታ ስም ማስገባት ነበረብኝ። ኤንድሬ ስሙን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም። ያን ስም መጻፍ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ጓሯችን አሸዋ ላይ፣ ጣቴን ይዘሽ።

እታለም፣ ፈርቻለሁ። የማሽኑን መልስ አትጠብቂ። የቢሮው ስልክ ኤንድሬ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ይህን በአውቶቡሱ ሹፌር ልኬልሻለሁ፤ ሲመለስ አብረሽው ውጪና ኮረብታው ላይ ከአክስታችን ከጊዘላ ዘንድ ግቢ። አሳማዎቹን ልቀቂያቸው፣ የእናታችንን ፎቶ ያዢ። ጎረቤቶችሽ ወዴት ነው ብለው ቢጠይቁሽ፣ ደብቂ አልልሽም። እኔን ከሥራ ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ።

እግዚአብሔር በደረቅ መሬት ያገናኘን።

አሸዋ ላይ ያስተማርሻት ታናሽ እህትሽ